ዕድር አንደኛ ነው ሁለተኛ? የመምህራን ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ጥያቄ የላኩልኝ ሁሉም የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ከጎንደርና አካባቢዋ ናቸው። ጡረታ ብወጣም ጠመኔው እጄ ላይ አለና ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። የማኅበራዊ ቡድንን ትርጉም በቃላቸው ይሉታል። «የታክሲ ወረፋ ቡድን ነው?» ስላቸው ግን ግማሾቹ «አዎ» ይሉኛል።

መልስ፦ ከወረፋው አይውጡ፣ እዚያው ይቆዩበት። ፒያሳ ላይ የአዘዞ ታክሲ የሚጠብቁ አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ቆሙ እንጂ ቡድን አይደሉም። አይተዋወቁም። ታክሲው ሲመጣ እንዲያውም ይጋፋሉ። አሁን መንገድ ላይ ተበላሸ እንበል። ረዳቱ «እባካችሁ ግፉልን» ይላል። አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፣ አንዱ ሳይሾም አዛዥ ይሆናል፣ አንዷ የማታውቀውን ልጅ ታቅፋለች። ሥራ ተከፋፈሉ፣ «እኛ» ማለት ጀመሩ። ለሩብ ሰዓትም ቢሆን ወደ ቡድን ተጠጉ። በግራ እጃቸው የሚጽፉ ሰዎችስ? እነሱ ምድብ ናቸው፤ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፣ ግንኙነት የለም። ሦስቱን የለየ ተማሪ ትርጉሙን ራሱ ይጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ዕድር የመጀመሪያ ደረጃ ቡድን ነው ሁለተኛ ደረጃ? ከባልደረባዬ ጋር ልንጣላ ነው።

መልስ፦ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብዬ አልሸሽም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ቻርልስ ኩሊ በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ መጀመሪያ ደረጃ ቡድን ሲጽፍ ምሳሌዎቹ ቤተሰብ፣ የልጆች የጨዋታ ጓደኝነትና ጉርብትና ነበሩ። ሰው ፊት ለፊት እየተገናኘ የሚቀረጽባቸው ማለቱ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ሌሎች በኋላ ጨመሩት፤ ለአንድ ጉዳይ የተቋቋመ፣ በመተዳደሪያ ደንብ የሚመራ፣ ሰው ቢወጣ ቢገባ የሚቀጥል ነው።

ዕድር መዝገብ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። በወረቀቱ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ግን ድንኳኑን የሚተክለው ሰውዬ የሟችን ቤተሰብ ከመዝገብ አይደለም የሚያውቀው፣ ከቡናው ነው። እኔ በአሠራሩ ሁለተኛ፣ በስሜቱ ወደ መጀመሪያው ያደላ እላለሁ። የምርጫ ጥያቄ አድርጋችሁ ፈተና ላይ እንዳታወጡት ብቻ!

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን የቤታችሁን ዕድር ደንብ አምጡ አልኳቸው። አንዷ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የወየበ ደብተር ይዛ መጣች። የቅጣቱን አንቀጽ ጮክ ብላ አነበበች። ቀጥሎ የተቀጪዎች ስም ነበር። ሦስተኛው አባቷ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም ሳቀች። «ሚና»፣ «ደንብ»፣ «ቅጣት» የሚሉትን ቃላት ዳግም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጥፋቴን ግን ልናገር፤ ስም ያለበትን ገጽ ማስነበብ አልነበረብኝም። እናንተ ደንቡን ብቻ አስነብቡ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ሰባ ተማሪ አለ። የቡድን ሥራ ይቻላል?

መልስ፦ አንድ ለአምስትን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። አራት አራት አድርጓቸው። የሚያቀርበውን ደግሞ በዕለቱ በዕጣ አውጡ። ማን እንደሚጠራ ካላወቁ ሁሉም ያነባሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ቡድን ሳነሳ ክርክሩ ሃይማኖትና ብሔር ላይ ይወድቃል። ምዕራፉን ብዘለውስ?

መልስ፦ አይዝለሉት። እርስዎ ቢዘሉት ልጆቹ ከቴሌግራም ይማሩታል። ወረቀት ይስጧቸውና እያንዳንዱ በ«እኛ» የሚጀምር ስምንት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስሙን ግን አይጻፍ። እኛ የቀበሌ 10 ልጆች፣ እኛ ሴቶች፣ እኛ ዘማሪዎች፣ እኛ መድረሳ የተማርን፣ እኛ የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች። ሰብስበው ያንብቡላቸው። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አብሮ የጨፈረው ማን እንደነበር ሲጠይቋቸው ክፍሉ ራሱ ይስቃል።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ላይ ያደረገውን ሙከራም ይንገሯቸው። ታዳጊ ወንዶችን ሁለት ቡድን አድርጎ አወዳደራቸው፤ ተጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። አንድ ላይ ማብላት አላስታረቃቸውም፣ እንዲያውም ምግቡን ተወራወሩ። ልባቸው ቀስ በቀስ የለዘበው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥና ሌላም የጋራ ችግር ሲገጥማቸው፣ አብረው ሲሠሩ ነው። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ይዞ ለሚዞር የጎንደር ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን ወለቃ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ምን ልንገራቸው?

መልስ፦ ጎሽ! ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው፤ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍል ውስጥ አንድ ጀበና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና «ማን ሠራው?» ይበሏቸው። ርስት የተነፈገ ሕዝብ በሸክላ፣ በብረት፣ በሽመናና በግንበኝነት ኖረ። ሠርቶ ያበላቸውን እጅ ሰዎች «ቡዳ» እያሉ ፈሩት። በውልደት የሚሰጥ ደረጃ ማለት ይኸው ነው። ቃሉ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ይሰማልና ተማሪዎቹ መንደሩ ውስጥ እንዳይጫወቱበት አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ሸክላ ከገዛችሁም በዋጋ አትከራከሩ።