ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ፦ ስለ ክርን ነርቭ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ዶክተር፣ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሽ ጎን ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛሉ። ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል?

መልስ፦ የእጅህ ጡንቻ ካልመነመነ ብዙ ጊዜ ይሻላል። አልናር የሚባለው ነርቭ በክርን ውስጠኛ ጎን ጎላ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት ኋላ፣ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ክርን ሲታጠፍ መተላለፊያው ይጠባል፣ ነርቩም ይወጠራል። ክንድህን ተንተርሰህ ካደርክ ሌሊቱን ሙሉ እንደታነቀ ነው። ፎጣ ወይም አሮጌ ነጠላ ጠቅልለህ ክርንህ መታጠፊያ ላይ አድርግና በፋሻ ላላ አድርገህ እሰረው። ክንድህ አይገተር፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ጎበጥ ይበል። ጣትህ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ አጥብቀኸዋል። ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ሳታቋርጥ ሞክረው። ቀን ክርንህን ጠረጴዛም ሆነ የባጃጅ መስኮት ላይ አታስደግፍ። አትታሽ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ እጄን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛው ጣት? ከመቼ ጀምሮ? ይህን ሳትጽፊ ምንም ማለት አልችልም።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ አባቴ በልጅነታቸው ክርናቸው ተሰብሮ ወጌሻ አስሮላቸው ነበር። አሁን ክንዳቸው ወደ ውጭ ዘሟል፣ ማጭድ መጨበጥም አቅቷቸዋል።

መልስ፦ የልጅ ክርን የውጭ ጎኑ ተሰብሮ ሳይገጥም ከቀረ ክንዱ እያደገ ይዘማል፤ ነርቩም ለዓመታት እየተወጠረ ኋላ ይደክማል። በአውራና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ወረቀት አስይዘህ ሳብ። ላለመልቀቅ የአውራ ጣታቸውን ጫፍ ካጠፉ ጡንቻው ደክሟል። በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ሥጋ ከጎደጎደማ ፎጣው ጊዜ ማባከን ነው፤ አጥንት ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። የተጎዳ ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክርን እስከ መዳፍ ዓመት ያህል ይፈጃል። ነርቡ የዘገየበት ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

አባል (ሞጣ)፦ ወጌሻን ለምን ትወቅሳላችሁ? ስንቱን አቁሟል!

አባል (ዳንግላ)፦ ወንድም ዓለም፣ አጥንቱን እንጂ ነርቩን ማን አየው?

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። የልጅ ክርን ኤክስሬይ ሳይነሳ አይታሰር። አይታሽም።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ በቀዶ ጥገናው ነርቩን ማላቀቅ ብቻ ወይስ ወደ ክርን ፊት ማዛወር ይሻላል?

መልስ፦ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በማዛወር ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ክርኑ ከዘመመ ወይም ሲታጠፍ ነርቩ ከቦታው የሚዘል ከሆነ ግን ማዛወር ይመረጣል።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ የቫይታሚን መርፌስ?

መልስ፦ የቢ12 እጥረት ከሌለ አይጠቅምም።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ ክርኔ ኋላ እንደ ገመድ የወፈረ ነገር ይዳሰሳል። ቢታሽስ?

መልስ፦ አትታሺ አልኩ! መጀመሪያ ገላሽን በሙሉ እዪ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ በጥጥ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ነርቭ ክርን ላይ ማወፈር ልማዱ ነው። ባክቴሪያ ነው፣ እርግማንም የዘር ጣጣም አይደለም። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። የነርቩ ድካም 6 ወር ካልሞላው ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት ቀናሽ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሲጨመር ነርቩ ብዙ ጊዜ ያገግማል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ክርንሽንም ቆዳሽንም አሳዪ።