ጥበቃው የለጠፏቸው ወረቀቶች

ሰላም ልጆች፣

አንዷ ጀማሪ ዲዛይነር «ጋሼ፣ የአፕ ሜኑ ላይ ከሰባት በላይ ምርጫ መደርደር ክልክል ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ሰባት ቁጥር የጻፈው ሰው ለአፍታ በአእምሮው ስለሚይዘው ነገር ነው። ሜኑ ዓይን ፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ ማን ሸምድዱ አላችሁ? ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

የአንድ ሆስፒታል ጠቋሚ ሰሌዳዎችን እንድንሠራ ታዘዝን። የስም ዝርዝሩ ከአስተዳደሩ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ቁልጭ ያለ ግልባጭ! «የላቦራቶሪ አገልግሎት ዳይሬክቶሬት» ይላል። የታመመ ሰው ዳይሬክቶሬት ምን ያደርግለታል? ደም የሚሰጥበትን፣ ውጤት የሚቀበልበትን ነው የሚፈልገው።

በሩ ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ያው ጥያቄ ሲያደክማቸው በእስክሪብቶ እየጻፉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። «ደም መስጫ በዚህ»። «ካርድ ሳታወጡ አትሰለፉ»። «ይህ መውጫ አይደለም»። የሚለጥፉበትን ቦታ ብታዩ! ሰው ግራ ተጋብቶ የሚቆምበት መታጠፊያ ላይ። የኛዎቹ ሰሌዳዎች ከመታጠፊያው አልፈው ተሰቀሉ፤ እዚያ ያምራሉ ተብሎ። በምረቃው ዋዜማ ወረቀቶቹ ግቢውን አበላሹ ተባለና ተላጡ። ማንም ሰብስቦ አላነበባቸውም። ከዚያ የተሻለ ጥናት በገንዘብም አይገኝ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው ተለጠፉ፤ አዲሶቹ ሰሌዳዎች ላይ።

እናንተ ፈጣን ናችሁ፤ አልዋሽም፣ እቀናለሁ። ግን ቃል ትፈራላችሁ። ሁሉን በአይከን፣ በትንንሽ ሥዕል፣ ትደብቁና የጠፋበት ሰው «ሰርች ያድርግ» ትላላችሁ። የሚፈልገውን ነገር ስም የማያውቅ ምን ብሎ ይፈልግ?

«ተሳክቷል» የምትሏት ነገርም አለች። በ1979 እ.ኤ.አ. ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአሜሪካ ኑክሌር ጣቢያ አንድ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀረ። የመቆጣጠሪያው መብራት ግን ጠፋ። መብራቱ የሚናገረው ዝጋ የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ። ማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈሰሰ፤ የሬአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ። አፓችሁ «ተልኳል» ሲል ደርሷል ማለቱ ነው ወይስ አዝራሩ ተነክቷል?

ካርድ መደርደሩን፣ ማለትም ስሞቹን በካርድ ላይ ጽፎ ሰው እንደሚመስለው እንዲመድባቸው ማድረጉን፣ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ሰው ጠይቁ እላለሁ፤ ደግሞ አትጠይቁ እላለሁ። «ግልጽ ነው?» ካላችሁት በይሉኝታ «አዎ» ይላችኋል። ይልቅ «ውጤትህን ፈልግ» በሉትና ዝም በሉ። መጀመሪያ የሚነካውን ቦታ ጻፉ። ሲሳሳት «እሱ አይደለም» ለማለት አፋችሁን ቢበላችሁም ቻሉት።