እኩለ ቀን ላይ የሞከርከውን ባይኖኩላር አትመነው

«ከአዳኝ ድርጅት ጋር በረዳትነት ወደ ባሌ ልወጣ ነው፤ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ የሞከርኩት 10×25 ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ለማለዳና ለምሽት ይሆናል ወይ?» ብለሃል፣ ወንድሜ። አይሆንም። ሳትገዛ መጠየቅህ ግን ደግ አደረግህ፤ እኔ ከገዛሁ በኋላ ነበር የጠየቅሁት።

በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ስለዚህ ሱቅ በር ላይ ትንሹም ትልቁም መነጽር እኩል ብሩህ ይመስላል። ሲመሽ ብሌኑ ይሰፋል፤ በወጣት ዓይን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ያን ጊዜ ከመነጽሩ የሚወጣው የብርሃን ክብ ከብሌንህ ካነሰ ጫካው ይጨልምብሃል። የክቡን ስፋት ለማወቅ ሁለተኛውን ቁጥር፣ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ለመጀመሪያው፣ ለማጉያው፣ አካፍለው፤ ያየኸው 2.5 ብቻ ይሰጥሃል። 8×42 ከ5 ጥቂት ያልፋል፣ 8×56 ድፍን 7 ነው።

ግን 7 የሆነውን ግዛ አልልህም። አንድ ምሽት አስታ በበዛበት ተረተር ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ሁለቱን መነጽሮች እየተቀያየርን ደጋ አጋዘን ስንፈልግ፣ እሱ በ8×56 ቀንዱን ከቅርንጫፉ ለየ። እኔ ሃምሳን ስላለፍኩ በሁለቱም ያየሁት አንድ ነው፤ የዕድሜ ነገር፣ ብሌኑ እንደ ድሮው አይሰፋም። ከከባዱ 8×56 ለእኔ የተረፈኝ የአንገት ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው 8×42 ይበቃል። በ10 የሚያጎላው ደግሞ ዳገት ወጥተህ ስታለከልክ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል።

የፊት መስታወቱ እንደ ቀይ መብራት የሚያንጸባርቀውን እለፈው። የእኔ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ነበር፤ ሻጩ «የሌሊት ነው» ብሎኝ በደስታ ከፈልኩ። መስታወቱ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰ ለዓይኔ የሚያስተርፈው አረንጓዴ የመሰለ ደብዛዛ ነገር ነበር፤ ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት ያለውንም ይቀንሳል። በየመስታወቱ ገጽ ላይ ነጸብራቅ የሚቀንስ ድርብርብ ቅብ ያለው መሆኑን ጠይቅ። ከዚያ መነጽሩን ከፊትህ አርቀህ ወደ ሰማይ ያዝና በዓይን በኩል ያለውን የብርሃን ክብ ተመልከት፤ ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን የተቆረጠ ከሆነ ውስጡ ያለው መስታወት ርካሽ ነው።

ሻጩ ከፈቀደልህ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለስ። አዲስ አበባ ላይ ድንግዝግዙ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍምና አትዘግይ። ከመንገድ መብራት ራቅ ብለህ፣ ጊዮርጊስ ግቢ ካሉት ዛፎች የአንዱን ጥቁር ጥላ ምረጥና ሁለት መነጽር እያፈራረቅህ እይበት፤ ቅርንጫፉን እስከ መጨረሻ የሚለይልህን ያዝ። ብቻ ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ አታዙረው፤ ለጥበቃዎች ስለ አጋዘን ስታስረዳ ድንግዝግዙ ያልፍብሃል።