ስለ ካሽሚሩ ባለቅኔ ስለ ማህጁር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ማህጁር ማን ነበር?

መልስ፦ ሙሉ ስሙ ፒርዛዳ ጉላም አሕመድ ሲሆን፣ ማህጁር የብዕር ስሙ ነው። የተወለደው በ1880ዎቹ፣ ዛሬ ፑልዋማ በሚባለው አውራጃ፣ በሚትሪጋም መንደር ነው። መጀመሪያ ይገጥም የነበረው በፋርስኛና በኡርዱ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወደ ካሽሚርኛ ለምን ዞረ?

መልስ፦ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፋርስኛ፣ ኋላም ኡርዱ ስለነበር፣ የተማረ ሰው በእነዚህ ካልጻፈ እንደ ጸሐፊ አይቆጠርም ነበር። ጀልባ ቀዛፊውና ሩዝ አራሚዋ ሴት የሚያዜሙት ግን በካሽሚርኛ ነው። ማህጁር የእነርሱን ዜማና አነጋገር ይዞ የአገርንና የነጻነትን ጉዳይ ስለገጠመበት፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ግጥሞቹን በቃሉ ያዘ። በእኔ እምነት ትልቁ የትግል ሥራው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ እንዴት የነጻነት ታጋይ ይባላል?

መልስ፦ ሥራው ፓትዋሪ፣ ማለትም የመንደር መሬትና ግብር መዝጋቢ ነበር። ካሽሚርን በ1846 እንግሊዞች በአምሪትሳር ውል ለጃሙ ገዥ ለጉላብ ሲንግ በ7.5 ሚሊዮን ሩፒ አሳልፈው ከሰጡ በኋላ፣ የእርሱና የዘሮቹ፣ የዶግራ ማሃራጃዎች (ነገሥታት)፣ አገዛዝ በገበሬው ላይ ከባድ ግብር ጥሎ ኖሯል፤ ፓትዋሪ ደግሞ ያንን ሸክም ማሳ በማሳ የሚያውቅ ሰው ነው። ማህጁር ጠመንጃ አላነሳም። «አትክልተኛው ሆይ፣ ና» ብሎ የሚጀምረው ግጥሙ ግን የማሃራጃውን አገዛዝ ይቃወም የነበረው የናሽናል ኮንፈረንስ ፓርቲ ሰዎች በየስብሰባው የሚዘምሩት ሆነ። ግጥሙ ስለ ጽጌረዳና ስለ አዲስ ጸደይ ሲያወራ ቆይቶ፣ የአበባውን ስፍራ መቀስቀስ የሚሻ ከበሮውን ትቶ ነጎድጓድን፣ ማዕበልንና የመሬት መንቀጥቀጥን ያምጣ ይላል።

ጥያቄ፦ መቼ አረፈ?

መልስ፦ ሚያዝያ 1952። የተቀበረው በስሪናጋር አቅራቢያ በአትዋጃን ነው።

ጥያቄ፦ ከ1947 በኋላ፣ እንግሊዞች ሕንድን ለቅቀው በካሽሚር ናሽናል ኮንፈረንስ ሥልጣን ሲይዝ፣ የአዲሱ መንግሥት አወዳሽ ሆነ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ «ነጻነት» የተሰኘውን ግጥሙን ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ግጥሙ ነጻነትን የሰማይ ልጅ ስለሆነች ከደጅ ደጅ አትዞርም፣ የምታርፈው በጥቂት የተመረጡ ቤቶች ነው ይላታል። ከዚያም ወደ አንዲት የገበሬ ሚስት ይወስደናል፤ ሩዝ ደብቃ እንደሆነ ለማየት ብብቷን ሰባት ጊዜ ይፈትሿታል፣ እርሷም ነጻነትን በቅርጫት፣ በሻሽ ሸፍና ወደ ቤቷ ታመጣለች። የሁሉም ልብ ታውኳል፣ ነገር ግን ነጻነት ትቀየማለች ብሎ የሚፈራው ሕዝብ አፉን አይከፍትም ሲልም ይጨምራል። ለዚያ ቀን ሲዘምር የኖረ ሰው በቀኑ መድረስ ማግስት ይህን መጻፉ፣ ወገንተኝነቱ ከሥልጣን ጋር ሳይሆን ከገበሬው ጋር እንደነበረ ያሳያል።

ጥያቄ፦ አብዱል አሐድ አዛድስ?

መልስ፦ በ1903 የተወለደ መምህርና ከማህጁር ይልቅ የአብዮት ድምፁ የጎላ ባለቅኔ ነው፤ የማህጁር ወዳጅም ነበር። የካሽሚርኛን ቋንቋና ግጥም ታሪክ በኡርዱ ጽፎ፣ መጽሐፉ ሳይታተም በ1948 ዐረፈ። ማህጁርን ለማጥናት የሚሻ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምር እመክራለሁ።