የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለግሪንሃውስ ሴንሰሮች የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ርዝመቱ 30 ሜትር በሆነ ግሪንሃውስ ውስጥ የሙቀትና የአፈር እርጥበት ሴንሰሮችን ራስበሪ ፓይ ከተባለ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የመስኖው ፓምፕ በራሱ እንዲሠራ ለማድረግ እየሞከርኩ ነው። የእርጥበት ሴንሰሮቹ ግን ምንም ንባብ አይሰጡም፤ ሩቅ ያለው ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰርም አልፎ አልፎ 85 ዲግሪ ያሳያል። የተሻለ ኮምፒውተር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። የያዙት ኮምፒውተር አቅሙ ከበቂ በላይ ነው፤ ችግሩ ያለው ሴንሰሮቹ በተገናኙበት መንገድ ላይ ነው። የራስበሪ ፓይ ፒኖች (ሽቦ የሚገናኝባቸው እግሮች) የሚለዩት ቮልቴጅ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ የእርጥበት ሴንሰሩ እንደ አፈሩ ሁኔታ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ሊለኩ አይችሉም። በመካከሉ እንደ ኤዲኤስ1115 ያለ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ መለወጫ ቢገባ ንባቡ ይገኛል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ሲግናል በረጅም ገመድ ሲጓዝ የፓምፑ ሞተር ስለሚረብሸው፣ እኔ የምመርጠው መለኪያውን ወደ አፈሩ ማቅረብን ነው። በየመደቡ አጠገብ አንድ ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው፣ ቮልቴጅ መለካት የሚችል ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ያስቀምጡና ንባቡን በዋይፋይ ወደ ራስበሪ ፓይ ይላክ፤ ራስበሪ ፓዩም ንባቡን እየመዘገበ ለፓምፑ ትእዛዝ ይስጥ። በመጀመሪያው የኢኤስፒ32 ሞዴል ላይ ሴንሰሩን ከ32 እስከ 39 ባሉት ፒኖች በአንዱ ያገናኙ፤ የተቀሩት የአናሎግ (ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ የሚለኩ) ፒኖች ዋይፋይ በሚሠራበት ጊዜ አስተማማኝ ንባብ አይሰጡም። ወደ ፒኑ የሚገባው ቮልቴጅም ከ3.3 እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ። ሴንሰሩ ሁለት ራቁት የብረት ጥርሶች ያሉት ዓይነት ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ጥርሶቹን ስለሚበላቸው፣ ብረቱ ተሸፍኖ አፈሩን በማይነካበት በካፓሲቲቭ ዓይነት ይተኩት።

85 ዲግሪ የአየሩ ሙቀት አይደለም። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ምንም ሳይለካ በማኅደረ ትውስታው የሚይዘው ቁጥር ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር ብቅ ባለ ቁጥር ወይ የሴንሰሩ ኃይል ለቅጽበት ተቋርጧል፣ ወይም ፕሮግራሙ ልኬቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በ12 ቢት (በከፍተኛው የልኬት ጥራቱ) ሲለካ እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። የእርስዎ ስህተት ሩቁ ላይ ብቻ ስለሚታይ ገመዱን እጠረጥራለሁ። የሴንሰሩን ሦስቱንም ሽቦ (የኃይል፣ የመሬትና የዳታ) ይጠቀሙ፣ በዳታውና በ3.3 ቮልቱ መካከል የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፣ ሴንሰሮቹንም ከአንድ ነጥብ እንደ ጨረር ከመበተን ይልቅ በአንድ መስመር ላይ በተከታታይ ይደርድሯቸው። መጋጠሚያዎቹን በብየዳ አያይዘው በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ይዝጓቸው፤ በግሪንሃውስ እርጥበት ውስጥ ተጠምዝዞ ብቻ የተያያዘ ሽቦ ቶሎ ይዝጋል።

ፓምፑን በፍጹም ከፒኑ በቀጥታ አያንቀሳቅሱት። የራሱ የኃይል ምንጭ ይኑረው፤ ከራስበሪ ፓዩ በዋይፋይ ትእዛዝ በሚቀበል ሌላ ኢኤስፒ32 በሚታዘዝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይከፈት፤ በዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ከሆነም ያንን ክፍል ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው። ከዚህ ጋር የፓምፑን ከፍተኛ የሥራ ጊዜ፣ ለምሳሌ 10 ደቂቃ፣ በራስበሪ ፓዩ ላይ ሳይሆን ሪሌውን በሚያዘው ኢኤስፒ32 ላይ ይጻፉት፤ አለበለዚያ ፓምፑ ተከፍቶ ሳለ ዋይፋይ ቢቋረጥ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ሳይደርስ ውኃው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል።