ባክቴሪያ የባጃጅ ጭስ ይበላል ወይ? ላልከው

ወንድሜ፣ «ጂኑ የተቀየረ ባክቴሪያ ጅማ ላይ ቢረጭ የባጃጁንና የማገዶውን ጭስ አይበላልንም ወይ?» ብለሃል። ተረጭቶማ አይሆንም።

ባክቴሪያ እርጥበት ይፈልጋል። ጋዙም አንድ ቦታ ታምቆ፣ ጠርቀም ብሎ ሊመጣለት ይገባል። ሂርማታ ገበያ ላይ የተበተነ ጭስ ምግብ አይሆነውም። ጥላሸቱ ደግሞ ደቃቅ ብናኝ እንጂ ጋዝ አይደለም።

ነገሩ ግን ተረት አይደለም። በ2019 እስራኤል ውስጥ የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ቀይረው፣ ስኳር ትቶ ሰውነቱን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲገነባ አደረጉት። የሚያስቀው፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ፎርሜት ከሚባል ኬሚካል ስለሆነ ከሚወስደው የሚያስወጣው ይበልጥ ነበር! ለሥራ የበቃው ላንዛቴክ የሚባለው ኩባንያ መንገድ ነው። ቻይና ውስጥ ከ2018 ጀምሮ የብረት ፋብሪካ ጋዝ በቧንቧ ባክቴሪያ ወዳለበት ታንከር ይገባል፤ በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኢታኖል የሚባል አልኮል ሆኖ ይወጣል። ጋዙ አየር ላይ ሳይበተን መያዙን ልብ በል።

ባጃጅ ላይ ታንከር አትጭን መቼም። እኔን ብትጠይቀኝ ለእኛ ሰፈር የሚሻለው ባዮጋዝ ነው። ላም ያለው ሰው እበቱን በውሃ በጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ይጨምራል፤ ጂናቸው ያልተነካ ተራ ረቂቅ ተሕዋስያን ሜቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ያወጡለታል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ ቡናው ዓይን ሳያስለቅስ ይፈላል። ዝቃጩም ለቡና ማሳው ማዳበሪያ ይሆነዋል።