ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም

ስለ ጣና ጀልባዎች ከጻፍኩ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ በዝቷል። ዛሬ አምስቱን ልመልስ።

«እንግዶች ጭኜ ወደ አባይ መውጫ ስሄድ፣ ጉማሬ ብቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ ድንገት ይጮኻል። ጀልባዋ ግን ትደክማለች። ጓደኞቼ ካቪቴሽን ነው አሉኝ። ፕሮፔለር ልቀይር?» (ጀልባ ነጂ፣ ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ጉማሬ ሲታይ እንግዶች ምን ያደርጋሉ? ስልካቸውን ይዘው ወደ ፊት ይሰበሰባሉ። የጀልባዋ ፊት ይወርዳል፣ ኋላዋ ይነሳል። ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት፣ ወደ ውሃው ገጽ ሲጠጋ ከላይ አየር ይስባል። ይሄ ቬንቲሌሽን ነው። አየር ውስጥ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሚገፋው ውሃ ስለሚያጣ ዙሩ ሽቅብ ይወጣል። ጠበቅ አድርገህ ስትታጠፍ ወይም ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሳም ያው ነው። ነዳጁን ቀነስ አድርግ፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ስጠው። እንግዶቹንም አስቀምጣቸው።

«ታዲያ ካቪቴሽን ምንድን ነው?» (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ከሻይ እንጀምር። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ሳሳ ስለሚል እኛ ጋ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊት ሲቀንስ ውሃ ለመፍላት ብዙ ሙቀት አይፈልግም ማለት ነው። አሁን ይህን ወደ ፕሮፔለሩ ውሰደው። ክንፉ በኃይል ሲዞር ወደ ጀልባዋ በዞረው ገጹ ላይ ግፊቱ በጣም ይወርዳል። በጣም ከመውረዱ የተነሳ ውሃው እንደቀዘቀዘ ይፈላል! አረፋው ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው፤ አየር የለበትም። አረፋው ትንሽ አለፍ ብሎ ግፊት ያለበት ቦታ ሲደርስ በቅጽበት ይደረመሳል፣ ብረቱንም እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታዋል። አንዱ ምት ምንም አይደለም። ሚሊዮኑ ግን ክንፉን ምስጥ የበላው እንጨት ያስመስለዋል።

መሐንዲሱን ቻርልስ ፓርሰንስን ይህ ነገር መከራውን አሳይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1894 ውሃ ላይ የወረደችው ተርቢኒያ የተባለች መርከቡ ኃይል ሳያንሳት በአንድ ፕሮፔለር አልፈጥን አለችው። በመጨረሻ ሦስት ዘንግ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሦስት ፕሮፔለር ገጥሞ ነው የተገላገለው።

ስለዚህ ፕሮፔለርህን አውጥተህ በጣትህ ዳስሰው። የተበሳሳ፣ ሻካራ ቦታ ካገኘህ ካቪቴሽንን ጠርጥር። ጫፉ ድንጋይ ነክቶት የተቆለመመ ክንፍም ካቪቴሽን ይጋብዛል። ለስላሳ ከሆነና ዙሩ በድንገት የሚወጣ ከሆነ ግን አየሩ ከየት እንደሚገባ ፈልግ።

«መካኒኩ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ካቪቴሽን ፕሌት ይለዋል። ካቪቴሽን ይከለክላል?» (ከዘጌ)

አይከለክልም፣ አባባ። ስሙ ነው ሰውን ያሳሳተው። የሚከለክለው ከላይ የሚሳበውን አየር ነው። ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል ወይም ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ደህና ነው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ከፍ ተደርጎ ከታሰረ አየር ይስብብዎታል።

«እምቦጭስ?»

ቬንቲሌሽንንም ካቪቴሽንንም ያመጣል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም የውሃውን አካሄድ ያበላሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩን አጥፍተህ፣ አንስተህ፣ በእጅህ ልቀመው።

«አየርም የለም፣ ክንፉም ደህና ነው። ነዳጅ ስሰጠው ግን ይጮኻል እንጂ አይገፋም።» (እህት ከጎርጎራ)

እኔም ከደቅ ደሴት ስመለስ ይሄ ገጥሞኝ በሌላ ጀልባ ተጎትቼ ገብቻለሁ። አዲስ ፕሮፔለር ከገዛሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ብዙ ፕሮፔለሮች መሃላቸው ላይ ጎማ አላቸው፤ ድንጋይ ቢመታ ማርሹ እንዳይሰበር። ጎማው ሲያረጅ ይንሸራተታል፤ ዘንጉ ይዞራል፣ ክንፉ ግን በቅጡ አይከተለውም። ከመሃሉ ብረት ጀምረሽ ጎማውን አሻግረሽ እስከ ውጪው ድረስ በቀለም አንድ መስመር አስምሪ። ሲደርቅ ነድተሽው ተመለሺ። መስመሩ ከተቆረጠና ሁለቱ ጫፎች ካልተገናኙ ጎማው ነው። ቀስ ብለሽ ነድተሽ ወደብ ግቢ።